ከጌጡ በፊት ክብደትና ጫማ፦ ስኖውቦርድ እንዴት ይመረጣል?

በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት፣ ከዴንቨር ከተማ በስተምዕራብ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ብሬክንሪጅ ትንሽ የተራራ ከተማ ናት። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 900 ሜትር ያህል በመሆኑ ደብረ ብርሃንን በጥቂቱ ትበልጣታለች። ከኅዳር ጀምሮ እስከ ሚያዝያ ድረስ ዙሪያዋን የከበቧት ተራሮች ነጭ ለብሰው ይከርማሉ። በእነዚያ ወራት ሰዎች በብረት ገመድ ላይ በተንጠለጠሉ ወንበሮች ተሳፍረው እስከ 3 ሺህ 900 ሜትር ከፍታ ድረስ ይወጣሉ፤ ከዚያም ሁለት እግሮቻቸውን በአንድ ሰሌዳ ላይ አስረው ቁልቁል ይንሸራተታሉ። ሰሌዳው ስኖውቦርድ ይባላል።

በረዶ ሲባል በኢትዮጵያ በድንገት ወርዶ የደረሰ ሰብል የሚመታው ጠጠር በረዶ ወደ አእምሮ ሊመጣ ይችላል። የእነዚያ ተራሮች በረዶ ግን ሌላ ነው። እንደ ባዘቶ ጥጥ እየበነነ ይወርድና ሳይቀልጥ ለወራት እየተደራረበ ይቆያል። ሌሊት ሌሊት ሰንሰለት ጎማ ያላቸው ማሽኖች እየደለደሉ መንገድ ያበጁለታል፤ ከመንገዱ ውጭ ያለው እንደወረደ ይተዋል።

በዴንቨርና በአጎራባቿ አውሮራ፣ በሲያትል፣ እንዲሁም በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ በርካታ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ሦስቱም ቦታዎች መንሸራተቻ ተራራ በመኪና ደርሶ መልስ የሚኬድባቸው ናቸው። እዚያ ላደገ ልጅ ስኖውቦርድ ለእኩዮቹ እንደ ኳስ የተለመደ ነገር ሲሆን፣ ለወላጆቹ ግን ዋጋው እንጂ አሠራሩ የማይታወቅ ዕቃ ሊሆን ይችላል። ኢትዮጵያ በበረዶ ስፖርት ስሟ ፈጽሞ ያልተጠራ አይደለም፤ ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 በጣሊያን ቱሪን በተካሄደው የክረምት ኦሎምፒክ አገሩን ወክሎ የቀረበ የመጀመሪያው ሰው ነው። እርሱ የተወዳደረው ግን በሁለት ቀጫጭን መንሸራተቻዎች አገር አቋርጦ በሚኬድበት የስኪ ዘርፍ ነበር።

ስኖውቦርድ ራሱ ዕድሜው ረጅም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1965 በሚሺጋን ግዛት ሸርማን ፖፐን የተባሉ መሐንዲስ ሁለት ስኪዎችን ጎን ለጎን አያይዘው ለልጆቻቸው መጫወቻ ሠሩ። ያ መጫወቻ የዛሬው ሰሌዳ መነሻ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1998 በጃፓን ናጋኖ ደግሞ ስፖርቱ ወደ ኦሎምፒክ ገባ።

የሰሌዳው ምርጫ ቀልድ የማይሆንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው ገንዘብ ነው። ጥሩ የሚባል አዲስ ሰሌዳ ብቻውን በአሜሪካ ከ400 እስከ 700 ዶላር ገደማ ይሸጣል፤ ማሰሪያውና ጫማው ለየብቻ ይገዛሉ። ሁለተኛው አካል ነው። በስኪ የሚንሸራተት ሰው ክፉኛ ሲወድቅ ማሰሪያው ራሱ ከጫማው ይላቀቃል። የስኖውቦርድ ማሰሪያ ግን አይላቀቅም፤ ሁለቱ እግሮች እንደታሰሩ ሰውየው በእጁ መሬቱን ለመያዝ ይገደዳል። በዚህ ስፖርት በብዛት የሚጎዳው የእጅ አንጓ የሆነውም ለዚህ ነው። ለባለቤቱ የማይስማማ ሰሌዳ መውደቂያውን ያበዛል።

ክብደቱ 82 ኪሎ፣ ጫማው 45 ቁጥር የሆነ፣ ሦስት ክረምት የተንሸራተተ አንድ ወጣት ለምሳሌ ይወሰድ። በአሜሪካ ተራሮች መንገዶቹ በምልክት ይለያሉ፤ አረንጓዴ ክብ ቀላል፣ ሰማያዊ አራት ማዕዘን መካከለኛ፣ ጥቁር አልማዝ ከባድ ማለት ነው። ይህ ወጣት ሰማያዊውን ያለ ጭንቀት ይወርዳል፤ ጥቁሩን ግን አንዳንዴ ቆሞ፣ አንዳንዴ ተቀምጦ ይጨርሰዋል። አሁን የራሱን ሰሌዳ መግዛት ፈልጓል። አንድ ጓደኛው ደግሞ ላዩ በሚያምር ሥዕል ያጌጠ፣ ርዝመቱ 152 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰሌዳ በግማሽ ዋጋ ሊሰጠው ፈቅዷል። ሰሌዳው በአዲስ ይዞታ ላይ ያለ፣ አምራቹም ስም ያለው ነው። ሆኖም ወጣቱ ባይገዛው ይሻለዋል።

በመጀመሪያ ርዝመቱ አይበቃውም። ድሮ ሰሌዳ የሚለካው በቁመት ነበር፤ አቁመውት አገጭ ላይ ከደረሰ ልክ ነው ይባል ነበር። ይህ ልማድ ዛሬም በአንዳንድ ሱቆች ይሰማል። ነገር ግን ሰሌዳው የሚያውቀው የተጫነውን ክብደት እንጂ የሰውየውን ቁመት አይደለም። ቀንበር በበሬዎቹ ጫንቃ እንጂ በቀንዳቸው ርዝመት እንደማይመረጥ ሁሉ፣ ስኖውቦርድም የሚመረጠው በኪሎ ነው። አምራቾች ለእያንዳንዱ ርዝመት የሚስማማውን ክብደት በሰንጠረዥ ያወጣሉ፤ 82 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ብዙውን ጊዜ ከ157 እስከ 160 ሴንቲ ሜትር ያለው ይስማማል። ከዚያ ያጠረው ፍጥነት ሲጨምር ይንቀጠቀጣል፣ አዲስ በወረደ በረዶ ውስጥም አፍንጫው ይሰምጣል። ከዚያ የረዘመው በበኩሉ በዛፎች መካከል ቶሎ ለመዞር ያስቸግራል።

ሁለተኛውና የከፋው ችግር ስፋቱ ነው። ስኖውቦርድ መሐሉ ላይ ወገብ አለው፤ ጫፎቹ ሰፊ፣ መሐሉ ቀጠን ያለ ነው። ተንሸራታቹ ወደ ጎን በቆመበት ለመታጠፍ ሲያዘነብል ሰሌዳው በብረት ጠርዙ ላይ ይቆማል፣ በረዶውንም እንደ ቢላ ይቆርጣል። የጫማው ጣት ወይም ተረከዝ ከሰሌዳው አልፎ ብዙ ከወጣ ግን በረዶውን ቀድሞ የሚነካው ጫማው ይሆናል። ያን ጊዜ ጠርዙ ከመሬት ይነሳል፤ ሰውየውም ምን እንደመታው ሳያውቅ ይወድቃል። ጫማው በየጎኑ አንድ ወይም ሁለት ሴንቲ ሜትር ቢወጣ አይከፋም፤ እንዲያውም ሰሌዳውን ለማዘንበል ይረዳል። የጓደኛው 152 ሰሌዳ ግን ወገቡ 25 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ ለ45 ቁጥር ጫማ ደግሞ 26 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። አምራቾች እንዲህ ያለውን ሰፊ ሰሌዳ ከርዝመቱ ቁጥር ቀጥሎ ደብልዩ በሚለው የላቲን ፊደል ይለዩታል። እግሩ ትንሽ የሆነ ሰው ይህን ሰፊውን ቢገዛ ደግሞ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ለመሸጋገር ይዘገይበታል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘሉት አንድ ነገር አለ። ቁጥራቸው እኩል የሆኑ ሁለት ጫማዎች በውጭ በኩል ሲለኩ እኩል ላይሆኑ ይችላሉ፤ የአንዱ አምራች ሶል ወፍራም፣ የሌላው አጠር ያለ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚገዛው ጫማው ነው። ገንዘብ ካነሰም ከሰሌዳው ላይ ይቀነሳል እንጂ ከጫማው ላይ አይቀነስም፤ ተረከዝ ውስጥ ውስጡን የሚንቀሳቀስበት ጫማ ያደረገ ሰው ምርጡን ሰሌዳ ቢይዝም ሊያዝዘው አይችልም።

ከልኩ ቀጥሎ የሚታየው ጉብጠቱ ነው። ሰሌዳው ለጥ ባለ ወለል ላይ ሲቀመጥ ሁለት ዋና ዋና መልኮች ይኖሩታል። አንደኛው ካምበር የሚባለው ሲሆን፣ መሐሉ እንደ ቅስት ከወለሉ ከፍ ይላል፤ ወለሉን የሚነኩት በጫፎቹ አቅራቢያ ያሉት ሁለት ቦታዎች ናቸው። ሰው ሲቆምበት ቅስቱ ይለጠጥና ጉልበቱን ወደ ጠርዙ ያስተላልፋል። በዚህም በጠንካራ በረዶ ላይ አጥብቆ ይይዛል። ሆኖም ስሕተትን አይምርም፤ ተንሸራታቹ ለቅጽበት ከተዘናጋ የታችኛው ጠርዝ በረዶ ይነክስና ይጥለዋል። ሁለተኛው ሮከር ይባላል፤ እርሱ ጫፎቹ እንደ ጣና ታንኳ ወደ ላይ የተቀለበሱ ናቸው። ታንኳ በውኃ ላይ እንደሚንሳፈፍ ሁሉ ይህም በጥልቅና ለስላሳ በረዶ ላይ ይንሳፈፋል፣ ለመዞርም ቀላል ነው። በደረቅ ቁልቁለት ላይ ግን መያዣው ይላላል።

ለተራራው ሁሉ ይሆናል የሚባለው ሰሌዳ፣ በእንግሊዝኛው አጠራር ኦል ማውንቴን፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱን ያዳቀለ ነው። ከእግር ሥር ካምበር፣ ወደ አፍንጫውና ወደ ጅራቱ ሮከር ይሆናል። ከመካከለኛ ደረጃ ወደ ላይ ለሚያድግ ሰው ከዚህ የተሻለ ማግኘት ይከብዳል፤ ጥቁሩ መንገድ ላይ ይይዝለታል፣ ስሕተቱንም በመጠኑ ይሸከምለታል። ገዥው ስሙን ብቻ አይቶ እንዳይወስን ያስፈልጋል። በርተን የተባለው የአሜሪካ አምራች ከስተም የሚባለውን ሰሌዳ ለዓመታት በሁለት የተለያየ ጉብጠት ሲያቀርብ ቆይቷል፤ ስሙ አንድ ሆኖ ሳለ ሁለቱ በተራራ ላይ ያላቸው ጠባይ ይለያያል።

የትኛው ጉብጠት ይበልጣል የሚለው ጥያቄ መልሱ ያለው ከመሬቱ ነው። ገበሬ በዋልካ መሬትና በጭንጫ መሬት ላይ አንድ ዓይነት እርሻ እንደማያርስ ሁሉ፣ በረዶም እንደየአገሩ ይለያያል። የኮሎራዶ በረዶ ከባሕር ርቆ፣ በከፍታና በደረቅ አየር ላይ ስለሚወርድ ቀላልና ዱቄት መሰል ነው፤ የተዳቀለው ሰሌዳ እዚያ ቤቱ ነው። በሲያትል አቅራቢያ ያሉት የካስኬድ ተራሮች ደግሞ እርጥበታቸውን ከፓስፊክ ውቅያኖስ ይቀበላሉ። በረዷቸው ብዙ፣ እርጥብና ከባድ ነው፤ እዚያ አፍንጫው ረዘምና ሰፋ ብሎ ወደ ላይ የተቀለበሰ ሰሌዳ እግርን ከድካም ያድናል። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ የሚኖር ሰው የሚሄድባቸው የፔንሲልቬኒያና የዌስት ቨርጂኒያ ኮረብቶች ከሁለቱም ይለያሉ። ዝቅ ያሉ በመሆናቸው አብዛኛው በረዷቸው በብርድ ሌሊት ውኃ በሚረጩ ማሽኖች የሚሠራ ነው፤ ቀን ቀለጥ ይልና ሌሊት መልሶ ይጠጥራል። በዚያ ላይ ካምበሩ የሚያይልና ጠርዙ የተሳለ ሰሌዳ ያስፈልጋል። አንዳንድ አምራቾች ለዚሁ ሲሉ ጠርዙን እንደ ማጭድ ጥርስ ወጣ ገባ አድርገው ይሠሩታል።

ቀጥሎ የሚመጣው ግትርነቱ ነው። አምራቾች የሰሌዳውን ልስላሴና ግትርነት ከ1 እስከ 10 ባለው ቁጥር ይገልጹታል፤ ቁጥሩ ሲያድግ ሰሌዳው ይበልጥ ግትር ነው። ልኬቱ ግን የጋራ አይደለም፤ የአንዱ ኩባንያ 6 የሌላው 5 ሊሆን ይችላል። ለተባለው ወጣት ከ5 እስከ 7 ያለው ይበቃዋል። በገበያው ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ይመስላል። የውድድር ሰዎች የሚጠቀሙበት 9 ወይም 10 ጥሩ ስለሚባል፣ ገዥው ነገ እደርስበታለሁ ብሎ ዛሬ ይገዛዋል። እንዲህ ያለው ሰሌዳ በፍጥነትና በጉልበት ካልታጠፈ በቀር እንደ ጣውላ ደርቆ ይቀራል፤ ባለቤቱም ከሰዓት በኋላ ጉልበቱ ሲዝል መቆጣጠር ያቅተዋል።

ቅርጹን በተመለከተ ሁለቱ ጫፎቹ ፍጹም አንድ ዓይነት የሆኑት ለዝላይና ወደ ኋላ ለመንሸራተት ይመቻሉ። ተራራውን ከላይ እስከ ታች መውረድ ለሚወድ ሰው አፍንጫው ከጅራቱ ጥቂት የረዘመው ይመረጣል። ማሰሪያው ደግሞ ከሰሌዳው ብሎን ቀዳዳዎች ጋር መግጠሙ ከመክፈል በፊት መታየት አለበት፤ አብዛኞቹ አምራቾች አራት አራት ቀዳዳ ሲጠቀሙ፣ ከላይ የተጠቀሰው በርተን ረጅም ስንጥቅ መሰል ቦይ ይጠቀማል።

ለወጣቱ እንግዲህ 159 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ሰፊ፣ የተዳቀለ ጉብጠት ያለው፣ ግትርነቱ 6 አካባቢ የሆነ ሰሌዳ ይስማማዋል። እንዲህ ያለውን በሙሉ ዋጋ መግዛት ግዴታ አይደለም። ከመጋቢት በኋላ ሱቆች የዓመቱን ሞዴል ለማራገፍ ዋጋ ይቀንሳሉ። በብዙ ተራሮችም አዳዲስ ሰሌዳዎችን በቀን ክፍያ አከራይተው የሚያስሞክሩ ሱቆች አሉ። ያገለገለ ለመግዛት የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ ሰሌዳውን ገልብጦ የብረት ጠርዙን ዙሪያውን በጣቱ ሊዳስሰው ይገባል። ዝገት በሞረድ ይነሳል፤ የተሰነጠቀ ወይም ከሰሌዳው የተላቀቀ ጠርዝ ግን ውኃ ወደ ውስጥ አስገብቶ እንጨቱን ያበሰብሰዋል። የታችኛው ገጽ ላይ ያለ ጭረት የሚጠገን ሲሆን፣ እንጨቱ እስኪታይ የዘለቀ ቀዳዳ ሲኖር ሻጩ ምንም ያህል ቢቀንስ መተው ይሻላል። በመጨረሻም ሰሌዳውን በአንድ ጫፉ አቁሞ መሐሉን በእጅ መግፋት ይቻላል፤ ሲጎብጥ የመሰንጠቅ ድምፅ የሚያሰማ ከሆነ ውስጡ ተሰብሯል።