ሱቅ መዝጋትና ንግድ ፈቃድ መመለስ ለየቅል ናቸው
የቻትጂፒቲ አካውንት እንዴት ይሰረዛል?

ንግዱን ያቋረጠ ሰው ሱቁን ቆልፎ ቁልፉን ለአከራዩ ስላስረከበ ብቻ ከግብር ነፃ እንደማይሆን የዚህ ገጽ አንባቢ ጠንቅቆ ያውቀዋል። ፈቃዱ ካልተመለሰና ክሊራንስ ካልተያዘ መዝገቡ ክፍት ነው፤ ከዓመታት በኋላ ዕዳ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ቻትጂፒቲን በመሳሰሉ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞች ላይ አካውንት የነበራቸው ነጋዴዎች «አጠፋሁት» ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚናገሩት ቁልፍ ስለማስረከብ ነው። አፑን ከስልካቸው አጥፍተዋል። አካውንቱ ግን እንዳለ ነው።

ጉዳዩ ለምን የገበያ ገጽ ጉዳይ ሆነ? አንድ የብቸና ጤፍ ነጋዴ እናስብ። ከእነማይ ገበሬዎች ነጭ ጤፍ ሰብስቦ በደጀን አድርጎ፣ ዓባይን አሻግሮ አዲስ አበባ እህል በረንዳ ያራግፋል። ሞጣ ያለው ሸሪኩ ደግሞ ዋጋው ሲያዋጣ ጭነቱን ወደ ባሕር ዳር ያዞራል። ሒሳቡን የሚይዝለት ልጁ ለቻትቦቱ የሚጽፈው ምንድነው? ኩንታሉ በስንት እንደተገዛ፣ መጋዘን ውስጥ ስንት እንዳለ፣ ለማን በዱቤ እንደተሰጠ፣ የትኛው ደላላ ስንት እንደሚቆርጥ ነው። የእህል ንግድ ትርፍ በብቸናና በሞጣ ዋጋ መካከል ያለችውን ልዩነት ከሌላው ቀድሞ ማወቅ ስለሆነ፣ የተጻፈው ሁሉ የነጋዴው ካፒታል ነው።

እርግጥ ነው፣ የሞጣው ተፎካካሪ ካሊፎርኒያ ድረስ ተጉዞ መዝገቡን አይገልጥም። አደጋው ከዚህ ይልቅ ይቀርባል። አካውንቱን የከፈተው ማን ነው? ቻትጂፒቲ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ሲወጣ ኢትዮጵያ አገልግሎቱ ከሚሰጥባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ አልነበረችም። በሰው ኢሜይል ወይም ውጭ አገር ባለ ዘመድ ስልክ ቁጥር የተከፈተ አካውንት ካለ፣ ባለቤቱ ኢሜይሉን የያዘው ሰው ነው። ነጋዴው ስልኩን ቢሸጥም፣ ቢሰበርበትም ያ ሰው በፈለገ ሰዓት ገብቶ የቆየውን ውይይት ሁሉ ያነባል። ስለዚህ ከመሰረዝ በፊት የመጀመሪያው ሥራ የመግቢያውን ኢሜይል በእጅ ማድረግ ነው። መግባት ያልተቻለ እንደሆነ ባለቤቱ ኦፕንኤአይ የስረዛ ጥያቄ የሚቀበልበት የፕራይቬሲ ገጽ አለው።

ሁለተኛው ገንዘብ ነው። ፕላስ የሚባለው ደንበኝነት በወር 20 ዶላር ነው። በአፕል ወይም በጉግል ፕሌይ በኩል የተከፈለ ከሆነ ደንበኝነቱን እዚያው ሄዶ ማቆም ይገባል፤ አለበለዚያ አካውንቱ ተሰርዞም ካርዱ መቆረጡን ሊቀጥል ይችላል። ካርዱ የዘመድ ሲሆን ጣጣው ለዘመድ ይተርፋል።

ሦስተኛው ቅጂ መያዝ ነው። ከሴቲንግስ የ«ኤክስፖርት ዳታ» ጥያቄ ሲቀርብ ማውረጃው በኢሜይል ይላካል፤ የሚሠራው ግን ለ24 ሰዓት ብቻ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ለሚያስታውስ ነጋዴ 24 ሰዓት ምን ማለት እንደሆነ መንገር አያስፈልግም። ኔትወርክ ሲያወላውል ጥያቄውን ባያቀርቡ ይመረጣል።

ይህ ካለቀ ስረዛው ራሱ የደቂቃዎች ሥራ ነው። እንደ አዲስ ይገባሉ፤ ከገቡ ጥቂት ደቂቃ ካለፈ ፕሮግራሙ ድጋሚ እንዲገቡ ይጠይቃል። ከሴቲንግስ «ዲሊት አካውንት» የሚለውን ይመርጣሉ፤ ኢሜይልዎንና የማረጋገጫውን ቃል ጽፈው ይጨርሳሉ። የተሰረዘ አካውንት አይመለስም። «አርካይቭ» የሚለው ግን ስረዛ አይደለም፤ ውይይቱን ከዓይን ማራቅ ብቻ ነው።

መረጃው ግን በዚያው ቅጽበት አይጠፋም። ኩባንያው እስከ 30 ቀን ባለው ጊዜ እንደሚያጠፋው ይገልጻል፤ ሕግ የሚያስገድደውን ደግሞ ከዚያ በላይ ያቆያል። ይህ የወረቀት ላይ ማሳሰቢያ ብቻ አይደለም። ኒውዮርክ ታይምስ ኦፕንኤአይን በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ከከሰሰ በኋላ የአሜሪካ ፍርድ ቤት በግንቦት 2017 ዓ.ም. የተሰረዙ ውይይቶች ጭምር እንዲቆዩ አዞ ነበር። ግዴታው ያበቃው መስከረም 16 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ ወራት ውይይቱን የሰረዘ ተራ ተጠቃሚ ሰረዝኩ ያለው ነገር ሳይሰረዝ ቆይቷል ማለት ነው። ከዚህም ሌላ፣ ሞዴሉን ለማሠልጠን የዋለ ጽሑፍ እንደ ዱቄት ነው፤ ተፈጭቶ ካበቃ በኋላ የእኔን ጤፍ መልሱልኝ ማለት አይቻልም። ይህን የሚከለክለው ቁልፍ በሴቲንግስ ውስጥ ያለ ሲሆን የሚሠራውም ለወደፊቱ ነው። በጉግሉ ጄሚናይ ደግሞ ለጥራት ቁጥጥር በሰው የተገመገሙ ውይይቶች ተጠቃሚው ቢሰርዛቸውም እስከ 3 ዓመት ሊቆዩ ይችላሉ።

በቴሌግራም ቦት በኩል ለሚጠቀሙ ነገሩ ይብሳል። ቦቱን የሠራው ሌላ ሦስተኛ ወገን በመሆኑ፣ የኦፕንኤአይን አካውንት መሰረዝ እርሱ ዘንድ የቀረውን አይነካም።

አገራችን በ2016 ዓ.ም. ያወጣችው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ሰው የግል መረጃው እንዲሰረዝለት የመጠየቅ መብት ሰጥቷል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በውጭ አገር ኩባንያ ላይ ተፈጻሚ ማድረጉ ቀላል አይሆንም። ነገር ግን አዋጁ ወደ ነጋዴውም ይዞራል፤ የዱቤ ደንበኞቹን ስምና ስልክ ለቻትቦቱ የሰጠው እርሱ ነውና፣ የብቸናው ገበሬ «ስሜን አጥፋልኝ» ቢል ጥያቄው መጀመሪያ የሚቀርበው ለኩባንያው ሳይሆን ለጤፍ ነጋዴው ነው።