ሌሊት ሌሊት የሚቋረጠው መስመር

እስራኤል ውስጥ ራማት የዲዲም በተባለ ሰፈር የሚኖሩ አንዲት የጎንደር እናት የክረምቱ የመብራት ሂሳብ ሲከብድባቸው፣ ልጆቻቸው በመብራት ሳጥኑ ውስጥ ወዳስገጠሙላቸው መለኪያ ዞሩ። መለኪያው ዋናውን ሽቦ ያቀፈ ትንሽ መቆንጠጫ አለው፤ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ ቆጥሮ በዋይፋይ ወደ ስልክ ይልካል። ስልኩ ግን የሚያሳየው ግማሽ ቀን ብቻ ነበር። «ተበላሽቷል፣ ይቀየር» አሉ። ጎረቤት ነኝና እስቲ እየው ተባልኩ።

ግራፉን ስመለከት መስመሩ ዜሮ ላይ አልወደቀም፤ ተቋርጧል። ይህን ልዩነት ብዙ ሰው ያልፈዋል፣ ግን ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ዜሮ የሚል መለኪያ እየተናገረ ነው፤ የሚጠረጠረውም መቆንጠጫው ነው። መስመሩ የተቋረጠ ግን ዝም ብሏል። መቆንጠጫው የማይክል ፋራዴይ ሥራ ውጤት ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 29 ቀን 1831 ለንደን ውስጥ በአንድ የብረት ቀለበት ላይ ሁለት ሽቦዎች ጠምጥሞ፣ አንደኛውን ከባትሪ ጋር ሲያገናኝና ሲያላቅቅ በሌላኛው ላይ ኤሌክትሪክ ለቅጽበት ሲፈጠር አየ። የዛሬው መቆንጠጫ ያው ቀለበት ነው፤ የሚከፈትበት ማጠፊያ ብቻ ተጨመረለት። አፉ በደንብ ካልገጠመ አሳንሶ ይቆጥራል። የሚሄደውንና የሚመለሰውን ሽቦ አንድ ላይ ካቀፈ ደግሞ የሁለቱ ኃይል ስለሚጠፋፋ ዜሮ ይላል። እዚህ ሁለቱም አልነበረም፤ ቀን ቀን ቁጥሩ ትክክል ነው። ስለዚህ ሳጥኑን መክፈት አላስፈለገም፤ ያም ቢሆን ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሻን የሚሠራው ሥራ ነው። የተቆረጠው ወሬው የሚሄድበት መንገድ ነው።

መንገዱ መቼ ተቆረጠ? ግራፉን ወደ ኋላ፣ ወር በወር ሄድኩበት። የመጀመሪያው ክፍተት የተገኘው እ.ኤ.አ. በጁን 2025 አጋማሽ፣ የኢራን ሚሳይል ሕዝቡን በየማማዱ፣ ማለት በየቤቱ ባለው መጠለያ ክፍል፣ ባሳደረበት ሰሞን ነው። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ማታ ይጠፋል፣ ጠዋት ይመለሳል።

«እማማ፣ ያን ጊዜ ቤት ውስጥ የተለወጠ ነገር ነበር?»

«ማማድ ስንገባ ስልኩ አልሠራ ብሎን ራውተሩን እዚያ አስገባነው፣ ልጄ።»

«ማታስ በሩን ይዘጉታል?»

«ልጁ የሚተኛው እዚያ አይደል? እዘጋለሁ እንጂ!»

ከባሕረ ሰላጤው ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ፣ በእስራኤል አዲስ የሚሠራ ቤት ማማድ እንዲኖረው ሕግ ያስገድዳል። ግድግዳው ብረት የታጨቀበት ወፍራም ኮንክሪት፣ በሩም ብረት ነው። ፋራዴይ እዚህም ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1836 ቁመቱ 12 ጫማ የሆነ፣ ላዩ በሽቦና በቆርቆሮ ወረቀት የተሸፈነ ሣጥን ሠርቶ ውስጡ ገባ። ከውጭ ብልጭታ እየዘለለ ሣጥኑ በኤሌክትሪክ ሲሞላ፣ እሱ በያዘው መሣሪያ ላይ ምንም አልታየም። ማማድ የዚያን ያህል የተዘጋ አይደለም። የዋይፋይ ሞገድ በ2.4 ጊጋኸርዝ ርዝመቱ 12.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ በብረቶቹ መካከል ጥቂቱ ሾልኮ ያልፋል፤ ኮንክሪቱ ግን ያደክመዋል። በሩ ሲከፈት እንደ ልቡ ይወጣል። በሩን ዘግተን ስልኩን ይዘን ጠበቅን፤ መለኪያው ጠፋ። ከፈትነው፤ ተመለሰ። መቆንጠጫው እንዲያይ ያደረገው የአንድ ሰው ግኝት ነው፤ አፉን የዘጋበትም ያው ሰው የመረመረው ነገር መሆኑ እስካሁን ያስደንቀኛል።

ራውተሩን መልሶ ሳሎን ማውጣት ቀላል ነበር፤ ግን ሲረን ሲጮህ የፒኩድ ሃዖሬፍ (የእስራኤል ጦር የደጀን እዝ) መልእክት ማማድ ውስጥ መግባት አለበት። ግድግዳውን መብሳት ደግሞ አይሆንም፤ መርዛማ ጋዝ እንዳያስገባ የታሸገ ነው። ቤቱ ሲሠራ በተቀበረው የመገናኛ ቱቦ ኬብል ሳብን፤ ራውተሩ ሳሎን ተመለሰ፣ ማማዱ ውስጥ ሁለተኛ ማሰራጫ ተተከለ።

በመጀመሪያው ሙሉ ሌሊት የሂሳቡ ነገር ወጣ። ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ መስመሩ ወደ 2.5 ኪሎ ዋት ይዘላል፣ ይወርዳል፣ እንደገና ይዘላል። የዱዱ፣ ማለት በፀሐይም በኤሌክትሪክም የሚሠራው የውሃ ማሞቂያ፣ ማብሪያ ሳይጠፋ ያድራል፤ ውሃው በቀዘቀዘ ቁጥር ቴርሞስታቱ መልሶ ያሞቀዋል። ይህ የሚሆነው በትክክል መለኪያው ዝም በሚልባቸው ሰዓቶች ነበር። አሁን ዱዱ በሰዓት ቆጣሪ ነው የሚሠራው፤ ፀሐይ በሌለበት ቀን ማታ ከመታጠባቸው በፊት ይበራል፣ ከመተኛታቸው በፊት በራሱ ይጠፋል።