«ማን ያውቃል?»

ሐላል ምግብ ሲባል ብዙዎቻችን በመጀመሪያ የምናስበው ሥጋን ነው፡፡ ማን አረደው? ቢስሚላህ ተብሎበታል ወይ? ብለን እንጠይቃለን፡፡ ጥያቄው ተገቢ ነው፡፡ ነገር ግን ሥጋ የሌለበት፣ ከምስርና ከዱቄት ብቻ የተሠራ ምግብስ የሐላልነት ጥያቄ የለበትም? ይህን እንዳስብ ያደረጉኝ ባለፈው ረመዳን መርካቶ፣ ከታላቁ አንዋር መስጊድ ብዙም በማይርቅ መንገድ ዳር ሳምቡሳ ሲጠብሱ ያገኘኋቸው አንዲት እናትና ሁለት ልጆቻቸው ናቸው፡፡

ዐስርን ሰግጄ፣ የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት እንደያዝኩ ወደ ታክሲ ተራ ሳመራ ድንገት የበልግ ዝናብ ወረደ፡፡ በሃምሳዎቹ ዕድሜ የሚገመቱ እናት ከግድግዳ ጋር ካሰሩት የላስቲክ ሸራ ሥር ሆነው «ግባ ልጄ፣ ወረቀትህ ይበሰብስብሃል» አሉኝ፡፡ ገባሁ፡፡ ዝናቡም ቶሎ አላባራም፡፡

እናትየው ሊጡን እያድቦለቦሉ ይዳምጣሉ፡፡ የተዳመጠውን በመሐሉ ዘይት እየቀቡና ዱቄት እየነሰነሱ ሦስት አራት አድርገው ይደራርቡና እንደገና ያሳሱታል፡፡ ምጣድ ላይ ለአፍታ ካሳረፉት በኋላ ትኩሱን አንድ በአንድ ይልጡታል፡፡ አሥራ ስድስት ዓመት የሚሆናት ልጃቸው በቢላ ቁመታም አድርጋ ትቆርጠዋለች፤ እንደ ኪስ አጥፋ ምስርና ሽንኩርት ከቃሪያ ጋር ትሞላበትና ጠርዙን በቀጭን ሊጥ ትዘጋዋለች፡፡ ምስሩ ለምን እንደዚህ ደረቅ እንደሆነ ብጠይቃት፣ «ውሃ ከያዘ ሳምቡሳው ዘይት ውስጥ ይፈነዳል፤ ስለዚህ ሳይፈርስ አውጥተን በደንብ እናጠልለዋለን» አለችኝ፡፡ ታናሽ ወንድሟ ደግሞ በወረቀት እየጠቀለለ ይሸጣል፡፡

ይህ ምግብ ዕድሜው ረጅም ነው፡፡ በ10ኛው ክፍለ ዘመን ኢብን ሰያር አልወራቅ ባግዳድ ውስጥ ባዘጋጀው የምግብ አሠራር መጽሐፍ «ሰንቡሰጅ» በሚል ስም ይገኛል፡፡ ታላቁ ተጓዥ ኢብን በጡጣም በ14ኛው ክፍለ ዘመን በዴልሂው ሱልጣን ቤተ መንግሥት ይቀርብ እንደነበር ጽፏል፡፡ የቤተ መንግሥት ገበታ የነበረው ምግብ፣ ዛሬ መንገድ ዳር የአንድ ቤተሰብ መተዳደሪያ ሆኖ አገኘሁት፡፡

መግሪብ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው የእናትየው ስልክ ጮኸ፡፡ ጠዋት ስልሳ ሳምቡሳ ያዘዘ ደንበኛ ነበር፡፡ እንግዶቹ ስለቀሩበት እንደማይወስድ ነግሯቸው ዘጋ፡፡ ስልሳውም ተጠብሶ አብቅቷል፤ ቀብድ አልተቀበሉም፡፡

አዛን ሲሰማ በቴምርና በውሃ አብረን አፈጠርን፡፡ ዝናቡ መንገደኛውን ስለበተነው አርባ የሚሆን ሳምቡሳ እንዳለ ቀረ፡፡ ልጅቷ ገንዘቡን ቆጥራ የነገው የዘይት መግዣ መጉደሉን ለእናቷ በቀስታ ነገረቻት፡፡ ይህን ጊዜ ትንሹ ልጅ «ነገ ዘይት ውስጥ ነከር አድርገን ከአዲሱ ጋር ብንቀላቅለውስ እማ? ማን ያውቃል?» አለ፡፡

እናትየው አልተቆጡም፡፡ «የሚገዛንኮ ጾሞ የዋለ ሰው ነው፡፡ ቤቱን ዘግቶ ቢበላ ማን ያየው ነበር? እርሱ በማይታይ ቦታ አላህን ፈርቶ ሲውል፣ እኛ በማይታይ ነገር ልናታልለው ነው?» አሉት፡፡ ከዚያም አሥሩን ለአካባቢው ተሸካሚዎች እንዲያደርስ ላኩት፡፡ ቀሪውን ለብቻው ሰሐን ላይ አድርገው ከተራዊሕ በኋላ «የቀዘቀዘ ነው» እየተባለ በግማሽ ዋጋ እንዲሸጥ፣ ለነገ ግን አንድም እንዳያድር ተናገሩ፡፡ ዘይቱ ስለጎደለ ነገ የሚሠሩት ሳምቡሳ ያነሰ እንደሚሆን ሁሉም ያውቃሉ፡፡

ውድ አንባብያን፣ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ውስጥ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው ከውስጥ እርጥበት እንዳገኙ ኢማም ሙስሊም ዘግበዋል፡፡ ሻጩ ዝናብ እንደመታው ሲነግራቸው፣ ሰዎች እንዲያዩት ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ሰውም ከእርሳቸው እንዳልሆነ አስጠነቀቁ፡፡ ልብ በሉ፤ ሰውየው ዝናብ ስለመታው አልተወቀሰም፡፡ የተወቀሰው እርጥቡን ከታች ስለደበቀው ነው፡፡ ኪሳራ ኃጢአት አይደለም፡፡ ኪሳራን ደብቆ በሌላው ሰው ላይ መጫን ግን ክህደት ነው፡፡ የአላህ ነቢይ ዳውድ (ዐ.ሰ.) ከገዛ እጃቸው ሥራ ይበሉ እንደነበርና ከዚህ የተሻለ ምግብ እንደሌለም በቡኻሪ ዘገባ ተምረናል፡፡ የእጅ ሥራን ክብር የሚጠብቀው እንግዲህ ይህ እውነተኛነት ነው፡፡

ይሁን እንጂ ነገሩን በሻጭ ታማኝነት ብቻ መዝጋት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል፡፡ በማግስቱ ይህንኑ ታሪክ ለተማሪዎቼ ነግሬ «ኪሳራው የማን ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው፡፡ ብዙዎቹ «የሻጯ» አሉ፡፡ አንዲት ተማሪ ግን «ያዘዘው ሰውዬስ?» አለች፡፡ እውነቷን ነው፡፡ ሱረቱል ማኢዳ የሚጀምረው ምእመናን ውሎቻቸውን እንዲሞሉ በማዘዝ ነው፡፡ በስልክ «ስልሳ ሥሩልኝ» ማለትም ቃል መግባት ነው፡፡ ለእኛ ስልሳ ሳምቡሳ የአንድ ምሽት ግብዣ ማሟያ ሊሆን ይችላል፡፡ ለእነርሱ ግን ዱቄቱ፣ ምስሩ፣ ዘይቱና የሦስት ሰው የአንድ ቀን ድካም ነው፡፡ እናትየዋ እንዳይዋሹ የተፈተኑት በእኛ ቃል ማጠፍ ምክንያት ነው፡፡ ወንድማችንን ለእንዲህ ያለ ፈተና ማጋለጥ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም፡፡

ስለዚህ በመጪው ረመዳን፣ ኢንሻአላህ፣ ከመንገድ ዳር ወይም ከጎረቤት ምግብ ስናዝ ቀብዱን አስቀድመን እንስጥ፡፡ አዛን ሲቃረብ ሻጩ እንዳይቀርበት ፈርቶ ዋጋ እንደሚቀንስልን አውቀን አንከራከር፡፡ «የቀዘቀዘ ነው» ብሎ እውነቱን የነገረንን ሰው እንደ ጥፋተኛ አንሽሸው፤ እውነት በመናገሩ ገበያ ካጣ ነገ ለመደበቅ ይገፋፋልና፡፡ ልጆቻችንንም ልከን ስናስገዛ መልሱን ቆጥረው እንዲቀበሉ ብቻ ሳይሆን፣ የተረፈ ገንዘብ በስሕተት ከተሰጣቸው ተመልሰው እንዲሰጡ እናስተምራቸው፡፡ ያዘዝነው የሚቀርብን ከሆነም ሊጡ ሳይዳመጥ በጠዋቱ እንንገራቸው፡፡