ዋጋው ለሁሉም፣ መዝገቡ ለባለቤቱ
የኮምፒዩተር ኬላ ሁለት በር ይሻል

ከላሊበላ ከተማ በላይ ባለው ተራራ ወደምትገኘው አሸተን ማርያም ጎብኚ በእግር ወይም በበቅሎ ይወጣል። ካህናቱ መስቀልና ብራና አውጥተው ያሳዩታል፤ እንግዳ ሆኖ ዕቃ ቤት የሚገባ ግን የለም። ይህን ጉዞ የሚሸጥ አስጎብኚ ድርጅትም በኮምፒዩተሩ ላይ ይኸው ሥርዓት ያስፈልገዋል። የዋጋ ዝርዝሩን ማንም ደንበኛ ያለ ይለፍ ቃል ማውረድ አለበት። የሒሳብ መዝገቡንና የእንግዶቹን የፓስፖርት ቅጂ ግን፣ ላሊበላም ሆነ አዲስ አበባ ይሁን፣ ከሠራተኛው በስተቀር ማንም ሊያይ አይገባም።

ሁለቱን የሚያስታርቀው ፋየርዎል የተባለው የኮምፒዩተር ኬላ ነው። ገቢና ወጪውን በተጻፈለት ደንብ ይፈትሻል።

የመጀመሪያው ሥራ መለየት ነው። ለሕዝብ የተፈቀዱት ፋይሎች ከውስጡ ኔትዎርክ ተነጥሎ በቆመ ሰርቨር ላይ ይቀመጣሉ። ከውጭ የሚመጣ ሰው ወደዚህ ሰርቨር በ443 ቁጥር በር ብቻ ይገባል። ሰርቨሩ ራሱ ግን ወደ ውስጥ ግንኙነት እንዳይጀምር ይከለከላል፤ ሰርጎ ገብ ቢይዘው እንኳ ወደ ሒሳብ ክፍል መሸጋገሪያ አይሆነውም።

ሠራተኛው የሚገባው ቪፒኤን በተባለው የተመሰጠረ መስመር ነው። ስሙንና ይለፍ ቃሉን ከሰጠ በኋላ የአንድ ጊዜ ኮድ ይጠየቃል። በአጭር መልእክት የሚላክ ኮድ ሊዘገይ ይችላል። ስልኩ ራሱ የሚያሰላው ኮድ ግን የስልኩ ሰዓት ትክክል እስከሆነ ድረስ መልእክት አይጠብቅም።

ስህተት በቀላሉ የሚፈጠረው በደንቦቹ ቅደም ተከተል ላይ ነው። ብዙዎቹ ፋየርዎሎች ከላይ ወደ ታች እያነበቡ መጀመሪያ የገጠማቸውን ደንብ ይፈጽማሉ። «ሁሉም ይለፍ ቃል ይጠየቅ» የሚለው ከላይ ከሰፈረ ዋጋ ጠያቂው ደንበኛ በር ላይ ይቀራል። «ሁሉም ይለፍ» ከቀደመ ደግሞ መዝገቡ ገበያ ላይ ተሰጣ ማለት ነው። ስለዚህ ጠባቡ ደንብ ከላይ፣ «የቀረው ይከልከል» የሚለው ከታች ይጻፋል።

ቸልታ ዕዳ ያስከትላል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው መረጃ የያዘ ድርጅት እንዲጠብቀው ያስገድዳል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ሰርጎ ገቡን ቢቀጣም የወጣውን ምስጢር አይመልስም።

ፍተሻው ቀላል ነው። ከቢሮ ውጪ፣ ቪፒኤን ሳይከፈት፣ በተራ ስልክ ይሞከር፤ የዋጋ ዝርዝሩ መከፈት፣ መዝገቡ መከልከል አለበት። ሥራ የለቀቀ ሠራተኛም የቢሮውን ቁልፍ በመለሰበት ዕለት የመግቢያ ስሙ ይሰረዝ።