የዘር ሐረግ ፍለጋ በአውቶቡስ፦ የሁለት ወደቦች መዝገብ የሚሰጠው ትምህርት

የቀድሞ አባቶቻቸው ከአውሮፓ የፈለሱ በርካታ አሜሪካውያንና ካናዳውያን በቡድን ሆነው፣ አውቶቡስ ተከራይተው ወደ ጥንት መንደሮቻቸው የሚያደርጉት ጉዞ በአህጉሪቱ ከሚታወቁት የቱሪዝም ዘርፎች አንዱ ነው። ጉዞው ብዙውን ጊዜ ሁለት ሳምንት ገደማ የሚፈጅ ሲሆን፣ ተጓዦቹ ከሐውልትና ከቤተ መንግሥት ይልቅ የሚፈልጉት የአያት ቅድመ አያታቸው ስም የሰፈረበትን ገጽ ነው።

ከተለመዱት መስመሮች አንዱ ከስዊዘርላንድ ተነሥቶ የራይንን ወንዝ ተከትሎ ወደ ሰሜን ጀርመን የሚዘልቀው ነው። መስመሩ የፍልሰቱን ታሪክ ይከተላል። ከ1618 እስከ 1648 (ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የተካሄደው የሠላሳ ዓመታት ጦርነት የጀርመኑን የፋልዝ ግዛት ሕዝብ ክፉኛ ስላመናመነው፣ ከዙሪክና ከበርን አካባቢ የተነሡ ገበሬዎች ወደዚያ ሄደው ሰፍረዋል። ከእነዚህ ሰፋሪዎች ልጆች መካከል ብዙዎቹ በኋላ በራይን በኩል ወደ ሮተርዳም ወርደው ባሕር ተሻግረዋል። በ1709 ብቻ ጦርነትና እጅግ ብርቱ ውርጭ ያስጨነቃቸው ወደ 13 ሺህ የሚጠጉ የፋልዝና የአካባቢው ሰዎች ለንደን ደርሰዋል። በ19ኛው መቶ ዘመን ደግሞ ዋነኞቹ መውጫዎች የብሬመንና የሃምቡርግ ወደቦች ሆነዋል።

ጉዞው የተሳካ ይሆን ዘንድ ዝግጅቱ የሚጀመረው ከአውቶቡሱ በፊት ነው። ጥንታዊዎቹ መዝገቦች የተያዙት በየአጥቢያው ስለሆነ፣ “አያቴ ጀርመናዊ ነበሩ” ማለት ብቻውን የትም አያደርስም፤ የመንደሩ ስም መታወቅ ይኖርበታል። በዚህ ረገድ አሜሪካ በ1906 ያወጣችው የዜግነት ሕግ፣ አመልካቹ የተወለደበትን ቦታ በቅጹ ላይ እንዲያሰፍር በመደንገጉ ለዛሬዎቹ ፈላጊዎች ትልቅ እገዛ አድርጓል።

አውቶቡሱ መንደሩ ከደረሰ በኋላም መቃብር ማግኘት አስቸጋሪ ነው። በጀርመን የመቃብር ቦታ በአብዛኛው ከ20 እስከ 30 ዓመት ለሚሆን ጊዜ የሚሰጥ ሲሆን፣ ጊዜው ካልተራዘመ ለሌላ ሟች ይውላል። በመሆኑም ለብዙው ተጓዥ የቀረው ምስክር ወረቀት ነው። የዙሪክ አብያተ ክርስቲያናት ከ1520ዎቹ ጀምሮ የጥምቀት መዝገብ መያዝ ጀምረዋል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም በ1563 የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ በየአጥቢያው እንዲያዝ ወስናለች። በመላው የጀርመን ግዛት የመንግሥት የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ የተጀመረው ጥር 1 ቀን 1876 ነው። ከ2009 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የአገሪቱ ሕግ መሠረት የልደት መዝገብ ከ110፣ የጋብቻ ከ80፣ የሞት ደግሞ ከ30 ዓመት በኋላ ወደ ቤተ መዛግብት ተዛውሮ ለጥናት ክፍት ይሆናል።

የጉዞው ትልቁ ትምህርት የሚገኘው ግን በመጨረሻዎቹ ሁለት ማረፊያዎች ነው። ከ1850 እስከ 1934 በሃምቡርግ በኩል የወጡ መንገደኞች ስም፣ ዕድሜ፣ ሙያና የመነሻ ቦታ የሰፈረባቸው ዝርዝሮች፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት በስተቀር፣ በከተማው ቤተ መዛግብት ተጠብቀው ቆይተዋል። በእነዚህ ዝርዝሮች የወደ 5 ሚሊዮን ሰዎች ስም ይገኛል።

ብሬመንም ከ1832 ጀምሮ ተመሳሳይ ዝርዝር እንዲያዝ አድርጋ ነበር። ይሁን እንጂ ከ1875 እስከ 1908 ድረስ ሦስት ዓመት ያለፋቸው ዝርዝሮች በማስቀመጫ ቦታ ጥበት ምክንያት እንዲወገዱ ተደርጓል። ከዚያ በኋላ ከነበሩትም አብዛኞቹ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጠፍተዋል። በእጅ የቀሩት ከ1920 እስከ 1939 ያሉ 2 ሺህ 953 ዝርዝሮች ናቸው። የብሬመን መውጫ በሆነው በብሬመርሃፈን በኩል ከ1830 እስከ 1974 ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰዎች የወጡ ሲሆን፣ በ2005 በዚያ የተከፈተው የስደተኞች ሙዚየም ታሪካቸውን ይዘክራል። ሆኖም የብዙዎቹ ልጅ ልጆች ወደቡን ከማየት በቀር ስማቸው የተጻፈበትን ገጽ ሊያገኙ አይችሉም።

በሁለቱ ወደቦች የሠሩት ጸሐፊዎች ተግባር አንድ ዓይነት ነበር። ልዩነቱን የፈጠረው ፋይሉ “ጊዜው አልፎበታል” ተብሎ የተወሰነበት ዕለት ነው። ውሳኔውን ያሳለፉት ኃላፊዎች የቦታ ጥበት ችግር ለማቃለል እንጂ የቤተሰቦችን ታሪክ ለማጥፋት አላሰቡም ነበር።

በአገራችን ዘርን እስከ ሰባት ቤት የመቁጠር ልማድ ለረጅም ዘመን የመዝገብን ድርሻ ሲወጣ ቆይቷል። ይሁንና በከተማ መስፋፋትና በሰዎች ዝውውር ሳቢያ በቃል ብቻ የሚተላለፍ ዕውቀት እየሳሳ መሄዱ አይቀርም። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት የልደት፣ የጋብቻ፣ የፍቺና የሞት ምዝገባ ከሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ሲካሄድ ቆይቷል። ዛሬ በቀበሌ ጽሕፈት ቤት የሚሞላ አንድ የልደት ቅጽ ለባለጉዳዩ የዕለት ማስረጃ ነው፤ ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ ለልጅ ልጆቹ የማንነት ምስክር ይሆናል። ስለዚህ ስምና የትውልድ ቦታ በትክክል መጻፉ፣ መዝገቡም ከእርጥበት፣ ከእሳትና ከችኩል ውሳኔ መጠበቁ፣ መዝጋቢውም ሆነ የመዝገብ ቤት ኃላፊው በየዕለቱ ሊወጡት የሚገባ ግዴታ ነው።