ካኖን 5ዲ ማርክ 3፦ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ያገለገለ ካኖን 5ዲ ማርክ 3 ገዝቼ ቤት ስገባ እናቴ አገላብጣ አየችውና «ብልጭታው የታለ?» አለችኝ። የለውም። ለዓመታት የሠራሁበት 600ዲ ሲመሽ ከአናቱ ላይ ብድግ የሚል ፍላሽ ነበረው። ይሄኛው ፍላሽ የሚፈልግ ሰው ለብቻ ገዝቶ ይምጣ ባይ ነው።

ክብደቱም አንገት ላይ ይታወቃል። ባትሪና ካርድ ገብቶባቸው ያለ ሌንስ ሲመዘኑ የቀድሞው 570፣ አዲሱ 950 ግራም ነው። ከድሮው ጋር የመጣው 18-55 ሌንስ ደግሞ እዚህ ጨርሶ አይገጥምም፤ የተሠራው ለትንሽ ሴንሰር ነው። ስለዚህ ካሜራ ለመቀየር ያሰበ ሰው የሌንሱንም ሒሳብ አብሮ ይያዝ።

በሜጋፒክስል ከሄድን ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም፤ 18 እና 22.3 ነው። ነገሩ ያለው ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰር ስፋት ላይ ነው። የ600ዲው 22.3 በ14.9 ሚሊ ሜትር ሲሆን የ5ዲው 36 በ24 ነው፤ ልክ እንደ ድሮው የፊልም ካሜራ። በስፋት 2.6 እጥፍ ይሆናል። ዝናብ ሲጥል ደጅ ላይ ሳፋና ጣሳ ብናስቀምጥ የትኛው ብዙ ውኃ እንደሚይዝ ግልጽ ነው።

ይህን ያየሁት በትንሣኤ ሌሊት ነው። በጧፍ ብርሃን ብቻ፣ አይኤስኦውን 6400 አድርጌ አነሣሁ። በድሮው ካሜራ ጥቁሩ ቦታ ሁሉ ጤፍ የተበተነበት ይመስል ነበር፤ አሁን የነጠላው ጥለት ሳይቀር ይለያል። ድምፅ የሚቀንሰው የሹተር ምርጫም ስላለው በጸሎት መሀል የሚዞርብኝ ሰው አልነበረም።

ያለኝ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስም ጠባዩን ቀየረ። በ600ዲው ላይ እንደ 80 ሆኖ ስለሚያጠብ በጠባብ ሳሎን ጀርባዬ ግድግዳ እስኪነካ አፈገፍግ ነበር። አሁን ሙሽሮቹም ሚዜዎቹም ይገቡልኛል። በዚያው ልክ ግን ቀርቤ ስለማነሣ ፎከስ ውስጥ የሚገባው ቦታ ሳስቷል፤ ሌንሱን ወለል አድርጌ ከፍቼ ባነሣኋቸው የመጀመሪያ ፎቶዎች ላይ ቅንድብ ጥርት ብሎ ዓይን ብዥ ያለበት ብዙ ነው። የፎከስ ነጥቦቹ ከ9 ወደ 61 አድገዋል፤ የቱን መጠቀም እንዳለብኝ የሚነግረኝ ግን የለም። ለዚህ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ከሁሉ በላይ የወደድኩት ሁለቱን የካርድ ማስገቢያዎች ነው። እያንዳንዱ ፎቶ በሁለቱም ላይ ይጻፋል፤ አንዱ ካርድ ቢበላሽ ሌላው አለ። ቀለበት የሚጠለቀው አንዴ ነው፤ «ካርዱ አልነበብ አለኝ» ለሙሽራ የሚነገር ቃል አይደለም። ለእኔ የባለሙያ ካሜራ ዋጋ ያለው እዚህ ላይ ነው።

በቀን ብርሃን ልጆቹን ለሚያነሣ ሰው 600ዲ ዛሬም ይበቃዋል። ገንዘብ ተቀብሎ ሠርግ ለሚይዝ ግን ልዩነቱ ወጪውን ይመልሳል። ያገለገለ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ሹተሩ ስንት ጊዜ እንደተከፈተ ያስቆጥር፤ ካኖን ይህን ሹተር የፈተነው እስከ 150,000 ጊዜ ነው።