የጥይትን ፍጥነት የሚለካው ክሮኖግራፍ

የሽጉጥ ጥይት የታሸገበት ካርቶን ላይ፣ ወይም በአምራቹ ካታሎግ ውስጥ፣ የፍጥነት ቁጥር ይጻፋል። አረሩ 115 ግሬን ለሚመዝን (7.45 ግራም ማለት ነው) ተራ የ9 ሚሊሜትር ጥይት ቁጥሩ በሴኮንድ 350 ሜትር አካባቢ ይሆናል። ይህ ከድምፅ ፍጥነት ጥቂት ይበልጣል። ቁጥሩ ውሸት አይደለም፤ ነገር ግን የገዢው ሽጉጥ ቁጥር አይደለም። ፋብሪካው የለካው በራሱ መሞከሪያ አፈሙዝ፣ በራሱ ክፍል፣ በራሱ የሙቀት መጠን ነው። በወገብ የሚታጠቀው ትንሽ ሽጉጥ አፈሙዙ ከመሞከሪያው በ2 ወይም 3 ሴንቲሜትር ሊያጥር ይችላል። በዚያች ጥቂት ሴንቲሜትር ውስጥ ባሩዱ ሊሰጠው የነበረው ግፊት ስለሚቀር፣ አረሩ ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 30 ሜትር በሴኮንድ ቀንሶ ይወጣል። አንድ ፋብሪካ በአንድ ዓመት የሠራቸው ሁለት ወንድማማች ሽጉጦች እንኳ ተመሳሳይ ጥይት ጎርሰው እኩል ላይተኩሱ ይችላሉ። ስለዚህ የራሱን ቁጥር ማወቅ የሚፈልግ ሰው መለካት አለበት፤ የሚለካበት መሣሪያ ክሮኖግራፍ ይባላል።

በአሜሪካ ተኩስ ሜዳዎች ለረጅም ጊዜ የታወቀው ክሮኖግራፍ በብርሃን የሚሠራው ነው። በካሜራ መቆሚያ ላይ የሚቀመጥ ረዘም ያለ ሳጥን ሲሆን፣ ፊትና ኋላው ላይ ሽቅብ ወደ ሰማይ የሚያዩ ሁለት ሴንሰሮች አሉት። በመካከላቸው ያለው ርቀት በብዙዎቹ ላይ ከ30 እስከ 60 ሴንቲሜትር ነው። አረሩ ከመጀመሪያው ሴንሰር በላይ ሲያልፍ ከሰማዩ ብርሃን ጥቂት ይከልላል፤ ሴንሰሩ ያቺን ጥላ ያይና ሰዓቱን ያስነሣል። ሁለተኛው ሴንሰር ደግሞ ያቆመዋል። ርቀቱ ለጊዜው ሲካፈል ፍጥነቱ ይገኛል።

ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ጊዜው ግን እጅግ ትንሽ ነው። በሴኮንድ 350 ሜትር የሚሄድ አረር 61 ሴንቲሜትር ለማለፍ 1.74 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይበቃዋል። በ340 ሜትር የሚሄደው ደግሞ 1.79። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሴኮንድ ሃያ ሺኛ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ስሕተት የሚመጣው ከሰዓቱ ይመስለዋል፤ በእኔ እይታ ግን በዚህ መሣሪያ ውስጥ ከሁሉ የሚታመነው ሰዓቱ ነው። ሴኮንድን ሚሊዮን ቦታ የሚከፍል የኳርትዝ ሰዓት ዛሬ ርካሽ ነው፤ አንድ ምት ቢስት እንኳ ውጤቱን በሴኮንድ 20 ሴንቲሜትር ብቻ ነው የሚያዛባው። ችግሩ ርቀቱ ላይ ነው። ሴንሰሮቹ ከታሰበው በ3 ሚሊሜትር ቢቀራረቡ ወይም ቢራራቁ ንባቡ በግማሽ በመቶ፣ ማለትም በሴኮንድ ወደ 2 ሜትር ገደማ ይዛነፋል። አረሩ በሳጥኑ ላይ ቀጥ ብሎ ሳይሆን 5 ዲግሪ ያህል ተጣሞ ቢያልፍ፣ የሚሄደው መንገድ ስለሚረዝም ከእውነተኛው ፍጥነቱ ያነሰ ይነበባል። መቆሚያውን ቀጥ አድርጎ ማስተካከል ላይ የሚጠፋው ጊዜ በከንቱ የሚጠፋ አይደለም።

የጥይትን ፍጥነት መለካት ከኤሌክትሮኒክስ በፊት ጀምሮ ነበር። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ቤንጃሚን ሮቢንስ እ.ኤ.አ. በ1742 ባሳተመው የመድፍ ሳይንስ መጽሐፍ፣ በከባድ ፔንዱለም የጥይትን ፍጥነት እንዴት መለካት እንደሚቻል አሳየ። አረሩ የተንጠለጠለ ከባድ እንጨት ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀራል፤ እንጨቱ ይወዛወዛል፤ የውዝዋዜው ስፋት ከእንጨቱ ጋር ተያይዞ በሚጎተት ጥብጣብ ይለካል። ከዚያ በኋላ በእንጨቱና በአረሩ ክብደት ተሰልቶ ፍጥነቱ ይገኛል። ሮቢንስ በዚህ ዘዴ አየር አረርን የሚገታበት ኃይል ሊቃውንት ከሚገምቱት በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ አረጋገጠ። መጽሐፉን ወደ ጀርመንኛ የመለሰው ታላቁ የሒሳብ ሰው ሌዎናርድ ኦይለር ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ደግሞ ለ ቡላንዤ የተባለ የቤልጅየም የመድፍ መኮንን እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ያገለገለ መሣሪያ ሠራ። አረሩ በመንገዱ ላይ ሁለት የኤሌክትሪክ ሽቦዎችን ይበጥሳል። የመጀመሪያው ሲበጠስ በኤሌክትሮማግኔት የተያዘ ረጅም ዘንግ ተለቅቆ ይወድቃል። ሁለተኛው ሲበጠስ ሌላ ክብደት ወድቆ በስፕሪንግ የተወጠረ ቢላ ያስፈነጥራል፤ ቢላውም እየወደቀ ያለውን ዘንግ ይጭረዋል። ጭረቱ ዘንጉ ላይ ያለበት ከፍታ ጊዜውን ይናገራል። የመሬት ስበትን ራሱን ሰዓት አድርጎ የተጠቀመበት ይህ ሐሳብ እስካሁን ያስደንቀኛል። በአውሮፓና በአሜሪካ የመሣሪያ ፋብሪካዎች የጠመንጃና የመድፍ ፍጥነት በብዛት የሚለካው በዚህ ነበር። አባቶቻችን ውጅግራ ያሉት፣ የ1874 ሞዴሉ የፈረንሳይ ግራ ጠመንጃ፣ የዚያው ዘመን መሣሪያ ነው፤ አረሩ በሴኮንድ 450 ሜትር ገደማ ይዞ ይወጣ ነበር፤ ከዛሬው የ9 ሚሊሜትር ሽጉጥ በ100 ሜትር ይበልጣል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ክሮኖግራፉ ከመንግሥት ግምጃ ቤት ወጥቶ ተራው ተኳሽ እጅ የገባው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ነው። በዚህ ረገድ ከሚነሡት ስሞች አንዱ በቴክሳስ፣ ኦስቲን፣ ኦህለር ሪሰርችን ያቋቋሙት ዶክተር ኬን ኦህለር ናቸው። የድርጅታቸው 35ፒ የተባለው ሞዴል በሁለት ፈንታ ሦስት ሴንሰሮች ነበሩት፤ አንዱን ጥይት ሁለት ጊዜ ለክቶ ሁለቱን ንባቦች ያስተያያል፤ ካልተስማሙ ለተኳሹ ይነግረዋል። ራሱን የሚጠራጠር መለኪያ የበለጠ እምነት የሚጣልበት ነው።

ዛሬ ምርጫው ሰፍቷል። ማግኔቶስፒድ የተባለው አፈሙዙ ሥር እንደ ሳንጃ ይታሰርና የሚያልፈውን ብረት በኤሌክትሮማግኔት ይለያል፤ ፀሐይም ደመናም አያስጨንቀውም። ነገር ግን አፈሙዝ ላይ ክብደት ስለሚጨምር ጥይቱ የሚያርፍበትን ቦታ ያዛውራል። ስለዚህ በአንድ ተኩስ ፍጥነትንም ኢላማ ላይ አመታትንም አብሮ መፈተን ያስቸግራል። ለብዙ ሽጉጦች ደግሞ ማሰሪያ ቦታ ያጣል። ሌላው ራዳር ነው። ላብራዳርና እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የጋርሚን ዜሮ ሲ1 ፕሮ የዚህ ወገን ናቸው። ከሽጉጡ ጎን ይቀመጣሉ፤ የሬዲዮ ሞገድ ወደ ፊት ይልካሉ፤ ከሚሸሸው አረር ተንጸባርቆ የሚመለሰው ሞገድ ድግግሞሹ ከተላከው ይለያል። በ24 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ራዳር በሴኮንድ 350 ሜትር ከሚሄድ አረር የሚያገኘው ልዩነት 56 ሺህ ኸርዝ ያህል ነው። ይህን ልዩነት ወደ ፍጥነት መመለስ ለዛሬ ኮምፒውተር ቀላል ሥራ ነው። የትራፊክ ፖሊስ የመኪና ፍጥነት የሚቆጣጠርበት ራዳርም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው።

የራዳሩ ትልቁ ጥቅም ግን በቤት ውስጥ ተኩስ ሜዳ ይታያል። በዋሽንግተን ዙሪያ ወይም በዳላስ የሚኖር ወገናችን ልምምድ የሚያደርገው ብዙ ጊዜ ጣሪያ ባለው ሜዳ ነው። እዚያ ከተኩስ መስመሩ አልፎ ሳጥን ለማስቀመጥ አይፈቀድም። ቢፈቀድም እንኳ የፍሎረሰንት አምፖል በሴኮንድ ከመቶ ጊዜ በላይ ብልጭ ድርግም ስለሚል፣ ዓይን ባያየውም ሴንሰሩን ያሳስተዋል። ራዳሩም ፈተና አለበት፤ የተኩስ ድምፅ ሰምቶ የሚነሣ ዓይነት ከሆነ የጎረቤቱን ተኩስ እንደ ራሱ ሊቆጥር ይችላል።

በብርሃን የሚሠራውን ከቤት ውጭ የሚጠቀም ሰው ሳጥኑን ከአፈሙዙ 3 ሜትር ያህል ያርቀው። ቀረብ ካለ የባሩዱ ፍንዳታና ያልነደደ ቅንጣት ከአረሩ ቀድሞ ሴንሰሩን ያስነሣና በዓለም የሌለ ፍጥነት ይጽፋል። ፀሐይ በቀጥታ ሴንሰሩን ስትመታ ነጭ የፕላስቲክ ጥላ ከላይ ይተከላል። ከሁሉ በፊት ግን ባዶ ሽጉጥ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ ሜዳው ለሁሉም ተዘግቶ፣ ከሳጥኑ በስተጀርባ አረሩ የሚያርፍበት ኢላማ ይሰቀላል። ኢላማው የሚሰቀለው ለውጤት ብቻ አይደለም፤ ዓይንና እጅ ሁልጊዜ በአንድ መስመር እንዲያልፉ ነው። ከሴንሰሮቹ በላይ ያለው መስኮት ጠባብ ነው፤ ብዙ ክሮኖግራፍ የሞተው በገዛ ባለቤቱ ጥይት ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ፤ ብዙ ተኳሽ የሚሳሳተው እዚህ ስለሆነ። አንድ ጥይት ለክቶ «የእኔ ሽጉጥ 346 ነው» ማለት ምንም ማለት አይደለም። ቢያንስ አሥር መለካት ያስፈልጋል። ከአሥሩ አማካዩ ይወሰዳል፤ ከዚያም ትልቁና ትንሹ ምን ያህል እንደተራራቁ ይታያል። መሣሪያው ስታንዳርድ ዴቪዬሽን የሚባለውንም፣ ማለትም ጥይቶቹ ከአማካዩ በወትሮው ምን ያህል ርቀው እንደሚወድቁ የሚያሳየውን ልክ፣ አስልቶ ይሰጣል። በሦስት ጥይት የተገኘ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ግን የሚያምር ቁጥር እንጂ እውቀት አይደለም።

ይህን ካልኩ በኋላ ብዙዎች የማይስማሙበትን ልናገር። ለሽጉጥ፣ የፍጥነት መራራቅ ከሚወራለት ያነሰ ነገር ነው። በሴኮንድ 340 ሜትር የሚሄድ አረር 25 ሜትር ላይ ሲደርስ በስበት የወረደው 2.7 ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ በ320 የሚሄደው 3 ሴንቲሜትር። ልዩነቱ 3 ሚሊሜትር ነው፤ በእጅ የተያዘ ሽጉጥ ይህን አይለየውም። እንዲያውም ከባድና ዘገምተኛ አረር በብዙ ሽጉጥ ከፈጣኑ ከፍ ብሎ ይመታል፤ አፈሙዙ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚቆይ፣ ሽጉጡ ወደ ላይ እየተነሣ ሳለ ነው የሚወጣው። ስለዚህ በረጅም ርቀት ጠመንጃ ተኳሾች ዘንድ ተገቢ የሆነውን የፍጥነት ጭንቀት ወደ ሽጉጥ ማምጣት ጊዜና ባሩድ ማባከን ነው። ክሮኖግራፉ ለሽጉጥ የሚጠቅመው በሌላ መንገድ ነው። ጥይቱ ሽጉጡን በትክክል እንደሚያንቀሳቅስ፣ አዲሱ ካርቶን እንደ አሮጌው መሆኑን፣ በብርድ ቀን ባሩዱ እንዳልደከመ ይነግራል። ከሁሉ በላይ ያስጠነቅቃል። ጥይት በራሱ እጅ የሚሞላ ሰው ካሰበው በላይ ፍጥነት ካየ፣ ግፊቱም ካሰበው በላይ ሊሆን እንደሚችል አውቆ መተኮሱን ማቆም አለበት። ተኩሱ ደከም ያለ ድምፅ ሰጥቶ መሣሪያው ምንም ካልጻፈ ደግሞ አረሩ አፈሙዙ ውስጥ ተቀርቅሮ ሊሆን ይችላል። ሌላ ጥይት አስከትሎ መተኮስ ሽጉጡን ሊያፈነዳ፣ እጅንና ዓይንን ሊያጠፋ ይችላል።

ቁጥሩ በውድድር ሜዳ ሕግ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ ሚዙሪ፣ ኮሎምቢያ ከተማ የተመሠረተው የዓለም አቀፍ ተግባራዊ ተኩስ ኮንፌዴሬሽን (አይፒኤስሲ) የአረሩን ክብደት በግሬን፣ ፍጥነቱን በሴኮንድ ጫማ አባዝቶ ለ1,000 ያካፍላል። ውጤቱ ፓወር ፋክተር ይባላል። ዝቅተኛው ተቀባይነት ያለው 125 ነው፤ 124 ግሬን አረር ይህን ለማለፍ በሴኮንድ 1,009 ጫማ፣ ማለትም 308 ሜትር ያህል ይፈልጋል። ስታንዳርድ በተባለው ምድብ ከፍተኛውን ደረጃ ለማግኘት 170 ያስፈልጋል። ትርፉ ኢላማው ላይ ይታያል፤ ከመካከሉ ወጣ ያለ ምት ለከፍተኛው ደረጃ 4 ነጥብ፣ ለዝቅተኛው 3 ነጥብ ያሰጣል። ዳኞች ከተወዳዳሪው ጥይት ናሙና ይወስዳሉ፤ አንዱን ፈትተው አረሩን ይመዝናሉ፤ ሌሎቹን በራሱ በተወዳዳሪው ሽጉጥ በክሮኖግራፍ ላይ ይተኩሳሉ። «ከፍተኛ ደረጃ» ብሎ አስመዝግቦ ያልደረሰ በዝቅተኛው ይቆጠርለታል። 125ን ያላለፈ ነጥቡን በሙሉ ያጣል። ለዚህ ነው ልምድ ያለው ተወዳዳሪ 125 ላይ ሳይሆን 130 ላይ የሚያርፈው፤ የውድድሩ ሜዳ ክሮኖግራፍም የቀኑ ሙቀትም የእሱ እንዳልሆኑ ያውቃል።

ይኸው መለኪያ ከስፖርት ውጭ የሰው ሕይወት የተመሠረተበት ቦታም አለ። የአሜሪካ ብሔራዊ የፍትሕ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው የጥይት መከላከያ ሰደርያ መመዘኛ፣ ደረጃ ሁለት የተባለው አዲስ ሰደርያ 8 ግራም የሚመዝን የ9 ሚሊሜትር አረር በሴኮንድ 398 ሜትር ሲመታው ማቆም ነበረበት። የሚፈቀደው ልዩነት ወደላይም ወደታችም 9.1 ሜትር ነበር። አረሩ ከዚያ ቀንሶ መጥቶ ሰደርያው ቢያቆመው፣ ክሮኖግራፉ ዝቅተኛውን ፍጥነት ስለጻፈ ብቻ ያ ምት ሰደርያው ማለፉን ለማረጋገጥ አያገለግልም።